ከሐቱሳ እስከ ባሌ፤ የዘር ድንጉላ አመጋገብና አያያዝ ቅኝት

ፈረስ በታሪክ የሚነሳው በዘመቻው፣ በጉግሱና በእሽቅድምድሙ ነው። ይህ ሁሉ ግን የሚጀምረው በጋጣ ነው፤ ለዘር የተመረጠውን ድንጉላ በመመገብ፣ ጤናውን በመጠበቅና በወቅቱ ከባዝራ ጋር በማገናኘት። ነገሥታት በዚህ ሥራ ላይ ሕግ አውጥተዋል፤ ፈላስፎች ጽፈውበታል፤ የሥነ ሕይወት ሳይንስም ከቀደምት ሙከራዎቹ አንዳንዶቹን ያደረገው በድንጉላ ዘር ነው። ይህ ቅኝት ያን ረጅም መንገድ ከእስያ ሜዳ ተነስቶ እስከ አገራችን ደጋ ይከተላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ሰው ሁለት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ድንጉላውን ለጥቂ ወቅት ሲያደልብ ኖሯል። የድንጉላው የዘር አቅም ከወቅቱ ሁለት ወር ቀድሞ እንደሚወሰን፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትም እንደሚጎዳው በማስረጃ የተረዳው ግን በቅርብ ጊዜ ነው።

መነሻው የዩራስያ ሰፊ ሣር ሜዳ ነው። በዛሬዋ ካዛክስታን፣ ቦታይ በተባለ ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ገደማ ሰዎች ከፈረስ ጋር ተጠግተው ይኖሩ እንደነበር የአርኪዮሎጂ ቅሪቶች ያሳያሉ። የዛሬው ለማዳ ፈረስ ግን የቦታይ ዘር አይደለም። የዘረ መል ጥናት እንዳረጋገጠው የእርሱ ቅድመ አያቶች ከቮልጋና ከዶን ወንዞች አካባቢ ተነስተው ከ2200 ዓመተ ዓለም ገደማ ጀምሮ በፍጥነት ወደ አራቱም ማዕዘን የተሰራጩት ናቸው። ሌላው የዘረ መል ምስክርነት ለርዕሳችን የበለጠ ይቀርባል። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የፈረስ ዘረ መል እጅግ የተለያየ ሲሆን፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ግን በጣም ጠባብ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አርቢዎች ብዙ ባዝራዎችን ለእርባታ ሲያስቀሩ፣ ለዘር የተውት ግን ጥቂት ድንጉላዎችን ነው። የመንጋው ዕጣ በጥቂት ወንዶች ላይ በተጫነ ቁጥር የእነዚያ ወንዶች ጤናና መኖ የመንጋው ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። የዘር ድንጉላ አያያዝ ሙያ የተወለደውም ከዚሁ ነው።

በጽሑፍ የቀረው የመጀመሪያው ትልቅ የፈረስ አያያዝ ሰነድ የሚታኒ መንግሥት ሰው የሆነው የፈረስ አሠልጣኝ ኪኩሊ መመሪያ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በኬጢያውያን መዲና በሐቱሳ በሸክላ ጽላቶች ላይ የሰፈረው ይህ መመሪያ የሠረገላ ፈረሶችን የወራት ልምምድ ከነመኖው ይዘረዝራል። ገብሱ መቼ እንደሚሰጥ፣ ሣሩና ጭዱ መቼ እንደሚቀርብ፣ ውኃው መቼ እንደሚከለከል ሁሉ በውስጡ አለ። ስለ ዘር ማራባት ባይናገርም፣ የፈረስ ምግብ በሥራው ልክ መለካት እንዳለበት የሚያሳይ የመጀመሪያው ማስረጃ በመሆኑ የዚህ ታሪክ በር ከፋች ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ በሌላው የእስያ ጫፍ የሆነውም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ሐን ዉዲ በመካከለኛው እስያ ይገኙ የነበሩትን የፈርጋና ፈረሶች ለማግኘት ከ104 እስከ 101 ዓመተ ዓለም ጦር አዘመተ። ከፈረሶቹ ጋር የአልፋልፋ ዘርም ወደ ቻይና ገባ፤ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያም ተዘራ። ወደ ምዕራብ ደግሞ ይኸው ተክል ከፋርስ ጦር ጋር ግሪክ ደርሷል። ምርጥ ዘርና ምርጥ መኖ አብረው ተጉዘዋል።

የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች ርዕሱን በቀጥታ ያነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። አርስቶትል የባዝራን የእርግዝና ጊዜ፣ ድንጉላ ለጥቂ የሚደርስበትን ዕድሜ መዝግቦ፣ ገና ካልጎለመሰ ወንድ የሚወለድ ውርንጭላ ትንሽና ደካማ እንደሚሆን ጽፏል። ሮማዊው ቫሮ የጥቂውን ወቅት ከመጋቢት የቀንና ሌሊት እኩያ እስከ ሰኔ ረጅሙ ቀን ድረስ ወሰነው። ከሁሉ የሚልቀው ግን በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኮሉሜላ ነው። እርሱ እንዳለው አንድ ድንጉላ ከ15 ያላነሱ፣ ከ20 ያልበለጡ ባዝራዎች ሊመደቡለት ይገባል፤ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ጸደይ ሲቃረብም በገብስና በአንድ መራራ ጥራጥሬ ይደልብ። ይህ ምክር ለአሥራ ስምንት መቶ ዓመታት ያህል በአውሮፓ እርባታ መጻሕፍት ተደጋግሟል። ኮሉሜላ መኖው ቀድሞ መጀመር እንዳለበት አይቷል፤ በዚህ ትክክል ነበር። የተሳሳተው በድልብነቱ ላይ ነው። እነዚሁ ጸሐፊዎች በዛሬዋ ፖርቱጋል የሚገኙ ባዝራዎች ከምዕራብ ነፋስ ይፀንሳሉ ብለው በእርግጠኝነት መጻፋቸውም መነሳት አለበት። በወንዱና በሴቷ መካከል የሚሆነው ነገር ምን ያህል ሥውር እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በጥንቱ ዓለም እንግዲህ የካበተ ልምድ ነበር፤ ምክንያቱን የሚገልጽ እውቀት ግን አልነበረም።

በመካከለኛው ዘመን ድንጉላ የመንግሥት ንብረት ሆነ። በ800 ገደማ የወጣው የንጉሥ ሻርለማኝ የርስት አስተዳደር ደንብ ለዘር ድንጉላዎች ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ሹማምንቱ ድንጉላዎቹን በሚገባ እንዲጠብቁ፣ ግጦሹ እንዳይበላሽ በአንድ ስፍራ ረጅም ጊዜ እንዳያቆዩአቸው፣ ያረጀ ወይም የማይጠቅም ቢኖርም ወደ ባዝራዎቹ የሚለቀቁበት ወቅት ሳይደርስ ለንጉሡ እንዲያሳውቁ ያዛል። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ የጊዜ ስሌት እናያለን፤ ድንጉላው ብቁ መሆን አለመሆኑ ከወቅቱ በፊት መታወቅ አለበት። በዓረቡ ዓለም የፈረስ እውቀት ከሕክምና ጋር ተቆራኝቶ አደገ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የግብጹ ሡልጣን አል ናስር ሙሐመድ የፈረስ ሐኪም አቡ በክር ኢብን በድር የጻፈው መጽሐፍ የዚህ ዘመን ታላቅ ሥራ ነው። አንድ የዓረብ አለቃ በ1322 ከባላንጣው ድንጉላ ዘር ሰርቆ ባዝራውን አስረገዘ የሚለው ተረክ በየመጽሐፉ ይገኛል፤ በዘመኑ ሰነድ ግን አልተደገፈም፤ ስለዚህ እንደ ተረክ መወሰድ አለበት። በእንግሊዝ ሄንሪ 8ኛ በ1540 ባወጣው ሕግ ቁመቱ 152 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልሞላ ድንጉላ በጋራ ግጦሽ ላይ እንዳይለቀቅ ከለከለ። ዓላማው ለጦር የሚሆን ግዙፍ ፈረስ ማግኘት ነበር። ከሻርለማኝ እስከ ሄንሪ መንግሥት የተጨነቀው የትኛው ድንጉላ ይራባ በሚለው ላይ ነበር፤ የተመረጠው ምን ይብላ የሚለው ለጋጣ ሠራተኛው የተተወ ጉዳይ ነበር።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ አዲስ ተቋም ተፈጠረ፤ ይኸውም የመንግሥት የፈረስ እርባታ ጣቢያ ነው። የሐብስቡርጉ መስፍን ካርል ሊፒጻን በ1580 አቋቋመ። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ኮልቤር የንጉሣዊ እርባታውን ሥርዓት በ1665 መሠረተ። በፕሩሲያ ትራኬነን በ1732፣ በሐኖቨር ሴለ በ1735 ተከተሉ። የሴለ አሠራር ለሌሎች አርአያ ሆነ፤ ድንጉላዎቹ ክረምቱን በማዕከል ይቆያሉ፣ ጸደይ ሲገባ በየገጠሩ ወዳሉት ጣቢያዎች ይላካሉ፣ ገበሬው ባዝራውን አምጥቶ በትንሽ ዋጋ ያስጠቃል፣ ውጤቱም በመዝገብ ይሰፍራል። የእነዚህ ጣቢያዎች ትልቁ ውለታ ይኸው መዝገብ ነው። አንድ ድንጉላ ስንት ባዝራ አጠቃ፣ ስንቱ ያዘች፣ ስንቱ ወለደች የሚለው ከዓመት ዓመት ሲጻፍ፣ ጥፋቱ የባዝራዋ ነው ተብሎ ሲታለፍ የኖረው ነገር ወንዱንም ማስጠየቅ ጀመረ። የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 በሊዮን የከፈተው ክሎድ ቡርዥላም የፈረንሳይ ንጉሣዊ እርባታ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል፤ ሐኪሙና አርቢው በአንድ ሰው ተገናኙ ማለት ነው። የፈረንሳይ አብዮት በ1790 ይህን ተቋም አፈረሰ፤ ናፖሊዮን ግን ለጦሩ ፈረስ ሲያጥረው በ1806 መልሶ አቆመው።

በእንግሊዝ ሥራው የመሳፍንትና የባለሀብቶች ነበር። ባየርሊ ተርክ፣ በ1704 ከሐለብ የመጣው ዳርሊ አረቢያንና ጎዶልፊን አረቢያን የተባሉ ሦስት ድንጉላዎች የእሽቅድምድም ፈረስ የሆነው የቶሮብሬድ ዘር አባቶች ሆኑ። አጠቃላይ የዘር መዝገቡ በ1791 ታትሞ ወጣ። በ1830ዎቹ የተላለፈ አንድ አስተዳደራዊ ውሳኔ እስከ ዛሬ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የድንጉላን ሕይወት ይገዛል፤ የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ ዕድሜ ከጥር 1 ቀን ይቆጠር የሚለው ነው። በጥር የተወለደና በግንቦት የተወለደ ውርንጭላ በአንድ ምድብ ሲሮጡ በጥር የተወለደው ብልጫ አለው። ስለዚህ አርቢው ሁሉ ቶሎ ለማስወለድ፣ ማለትም በየካቲት ለማስጠቃት ተሽቀዳደመ። ተፈጥሮ ግን ሌላ ሐሳብ አላት። ፈረስ ቀን ሲረዝም የሚራባ እንስሳ ነው፤ በሰሜኑ ክረምት የድንጉላው ቆለጥ ይቀንሳል፣ የዘር ምርቱም ዝቅ ይላል፣ ፍላጎቱም ይደክማል። ከዚህ ግጭት የጋጣ መብራት ተወለደ። በቀን ለ16 ሰዓት ብርሃን የሚያገኙ ባዝራዎች ድራታቸው ይቀድማል፤ ድንጉላውም ላይ ውጤቱ ይታያል። በኋላ በተደረገ ጥናት እንደታወቀው ግን መብራት የድንጉላውን የዘር ብርታት ጫፍ ያስቀድመዋል እንጂ አያስረዝመውም፤ በየካቲት የበረታው በሰኔ ይደክማል። ለአንድ የመዝገብ ቀን ሲባል የእንስሳን የዓመት ዑደት ማንቀሳቀስ ከባድ ዋጋ ያለው ውሳኔ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው እንስሳው ነው።

ሳይንሱ በሌላ መንገድ እየመጣ ነበር። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በ1677 የወንድ የዘር ህዋስን በአጉሊ መነጽር አየ። ጣሊያናዊው ቄስና ተመራማሪ ስፓላንዛኒ በ1776 የድንጉላን ዘር በበረዶ አቀዝቅዞ ህዋሶቹ መንቀሳቀስ ሲያቆሙ፣ ሲሞቁ ደግሞ ሲነቁ ተመለከተ። ይህ ግኝት ወደ ሥራ እስኪለወጥ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። የለወጠው ሩሲያዊው ኢልያ ኢቫኖቭ ነው፤ ከ1899 ጀምሮ በዛሩ ግዛት ሰው ሠራሽ ማዳቀልን በፈረስ ላይ ሥርዓት ባለው መልኩ አስፋፋ። በተፈጥሮ ጥቂ በአንድ ወቅት ሃያና ሠላሳ ባዝራ ይደርስ የነበረው ድንጉላ መቶዎችን የሚያዳርስበት ዘዴ ተገኘ። ከእርሱ የተማረው ጃፓናዊው ኢሺካዋ እውቀቱን ወደ አገሩ ወሰደ። ላምና በግ የሚዳቀሉበት ዛሬ የምናውቀው አሠራር በብዙ መልኩ ከዚህ የፈረስ ሥራ የወጣ ነው።

የመኖ ሳይንስም በዚያው ዘመን መልክ ያዘ። በጀርመን ሆሄንሃይም ኤሚል ፎን ቮልፍ፣ በበርሊን ናታን ዙንትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈረስን የምግብ መፈጨትና የኃይል ፍጆታ በመለኪያ መረመሩ። በ1922 በካሊፎርኒያ ኢቫንስና ቢሾፕ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ከመራባት ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር አገኙ፤ እርሱም ቫይታሚን ኢ ነው። ይህ ግኝት በእርባታ ጣቢያዎች ትልቅ ተስፋ ቀሰቀሰ፤ የስንዴ እምብርት ዘይት በየድንጉላው ገንዳ መጨመር የተለመደ ሆነ። የኋላ ሙከራዎች የሰጡት መልስ ልከኛ ነበር። ቫይታሚኑ የጎደለው እንስሳ ይጎዳል፤ በቂ ለምለም ሣር የሚያገኝ ድንጉላ ግን ተጨማሪ ስለተሰጠው ብቻ የተሻለ ዘር አይሰጥም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ሐቅ ይኸው ነው፤ ጉድለትን መሙላት ይጠቅማል፣ በሙሉ ላይ መጨመር አይጠቅምም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የፈረስን የምግብ ፍላጎት የሚያሳይ ሰነድ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1949 አወጣ፤ የ2007ቱ እትም ስድስተኛው ነው። በዚህ እትም መሠረት 500 ኪሎ የሚመዝን ድንጉላ ጥቂ በሌለበት ጊዜ በቀን 18.2 ሜጋ ካሎሪ ኃይልና 720 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል፤ በጥቂ ወቅት 21.8 ሜጋ ካሎሪና 789 ግራም። ልዩነቱን ወደ ገንዳው ስናወርደው ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ አጃ ነው። ኮሉሜላ ካዘዘው ድለባ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። የሚጨምረውም ኃይል በአብዛኛው የሚሄደው ለዘሩ ለራሱ አይደለም። በወቅቱ ድንጉላው አጥር ለአጥር ይመላለሳል፣ ያሽካካል፣ እንቅልፉ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ መብላቱንም ይረሳል። መኖው ይህን ድካም ይተካል። መሠረቱ ምንጊዜም ገፈራ መኖ ነው፤ ከሰውነቱ ክብደት 1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ጥሩ ሣር ወይም ድርቆሽ፣ በላዩ እንዳስፈላጊነቱ ትንሽ ምጥን መኖ፣ ጨውና ማዕድን።

የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ተመራማሪዎች የድንጉላ የዘር ህዋስ ከመጀመሪያው ክፍፍል አንስቶ እስኪጠናቀቅ 57 ቀን ገደማ እንደሚፈጅ አረጋገጡ። ከዚያም በቆለጡ ጀርባ ባለው ጠምዛዛ ቱቦ ውስጥ ሲጓዝና ሲበስል ከአንድ ሳምንት በላይ ይጨምራል። በድምሩ ሁለት ወር አልፎ ማለት ነው። ይህ እውቀት የእርባታን ሥራ ከሥሩ ለወጠው። ዛሬ የተሰበሰበው ዘር የሚናገረው ድንጉላው ከሁለት ወር በፊት ስለነበረበት ሁኔታ ነው። በጥር ትኩሳት የያዘው ድንጉላ በየካቲት ጤነኛ መስሎ ቢታይም፣ በመጋቢት ባዝራዎቹ ባዶ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ቆለጥ ሥራውን የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ብቻ ስለሆነ፣ ትኩሳትም ሆነ የቆለጥ ከረጢት እብጠት በእድገት ላይ ያሉትን ህዋሶች ያበላሻል። ወቅቱ ከገባ በኋላ የሚጀመር ልዩ ቀለብም ፍሬው የሚታየው ወቅቱ ሲጋመስ ነው። የሻርለማኝ ሹማምንት ከወቅቱ በፊት እንዲያሳውቁ መታዘዛቸው፣ ኮሉሜላም ጸደይ ሲቃረብ መግቡ ማለቱ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ የደረሱበት ልምድ ነበር። ሳይንስ ምክንያቱን ሰጠ፤ ልኩንም በቀን ቆጥሮ አሳየ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተር ፈረስን ከእርሻ ሲያስወጣ፣ የማዳቀል ምርምሩም ወደ ከብት ዞረ፤ ፈረሱ ለአንድ ትውልድ ያህል ወደ ኋላ ቀረ። በ1949 ተመራማሪው ፖልጅና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ግሊሰሮል የዘር ህዋስን ከቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቅ ሲያገኙ የተጠቀሙት በዶሮ ዘር ነው። በበረዶ ከቆየ የድንጉላ ዘር የተገኘ የመጀመሪያ እርግዝና በካናዳ በ1957 ተመዘገበ። የፔንሲልቬኒያው ሮበርት ኬኒ በ1975 ቅባቱ ከወጣለት ወተትና ከግሉኮስ የሠራው ማቆያ ፈሳሽ፣ በ1980ዎቹ የመጣው ዘሩን ቀስ አድርጎ ወደ 5 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ሳጥን፣ በ1997ም የአሜሪካ ኳርተር ሆርስ ማኅበር የተላከ ዘርን መፍቀዱ አንዱ ለአንዱ መንገድ ከፈተ። ድንጉላው በቆመበት ቆሞ ዘሩ በአውሮፕላን የሚጓዝበት ዘመን መጣ። በ1983 የወጣው የድንጉላ ብቃት መመዘኛም የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ብቁ የሚባለው በተፈጥሮ ጥቂ 40፣ በሰው ሠራሽ ማዳቀል 120 ባዝራዎች ቢመደቡለት ቢያንስ 75 በመቶውን ያስረግዛል ተብሎ የሚጠበቀው ነው። በአንድ ሰዓት ልዩነት ከሚሰበሰቡት ሁለት ናሙናዎች በሁለተኛው፣ ቅርጻቸው የተስተካከለና ወደፊት የሚዋኙ ቢያንስ አንድ ቢሊዮን ህዋሶች ሊገኙ ይገባል።

ዘሩ ቀዝቅዞ ሲጓዝ የመኖው ጥያቄ አዲስ መልክ ያዘ፤ ከብዛቱ ይልቅ ጽናቱ አሳሳቢ ሆነ። የህዋሱ ሽፋን በስብ የተሠራ በመሆኑ ቅዝቃዜን የመቋቋም አቅሙ ከስቡ ዓይነት ጋር ይያያዛል። በ2005 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተመራማሪዎች ለ14 ሳምንት ዲኤችኤ በተባለ የስብ ዓይነት የበለጸገ መኖ የተመገቡ ድንጉላዎችን ተከታትለው፣ በተለይ ዘራቸው ቅዝቃዜን መቋቋም ያቅተው በነበሩት ላይ የህዋሱ እንቅስቃሴ እንደተሻሻለ አሳዩ። አሥራ አራት ሳምንት መውሰዱ ከላይ ካየነው የሁለት ወር ሕግ ጋር ይስማማል። ዲኤችኤ በብዛት የሚገኘው በዓሣ ዘይትና በባሕር ውስጥ ጥቃቅን ተክሎች ነው። ተልባ የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ስብ ቢኖረውም፣ የፈረስ ሰውነት ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ሴሊኒየም ለህዋሱ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ በበቂውና በመርዛማው መጠን መካከል ያለው ርቀት ግን ጠባብ ስለሆነ ያለ ባለሙያ መጨመር አደገኛ ነው።

በዚያው ዘመን የድልብነት ነገር መልስ አገኘ። በ1983 በቴክሳስ የተዘጋጀው ከ1 እስከ 9 የሚቆጥር የፈረስ ሰውነት ይዞታ መለኪያ አርቢውን በዓይንና በእጁ እንዲመዝን አስተማረው፤ ለዘር ድንጉላ የሚመከረው 5 ወይም 6 ነው። ጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ በዓይን ግን የማይታይ ማለት ነው። ከዚያ ያለፈው ቶሎ ይደክማል፣ በፍላጎቱ ይሰንፋል፣ ለኮቴ ውስጥ ብግነት ይጋለጣል፣ በከረጢቱ ዙሪያ የሚከማች ስብም ቆለጡን ያሞቀዋል። ጡንቻ እንዲያወጣ የሚሰጡ ሆርሞን መሰል መድኃኒቶች ደግሞ ቆለጡን እንደሚያሳንሱና የዘር ምርቱን እንደሚቀንሱ በ1980ዎቹ ተረጋገጠ፤ ወንድነትን ያጎላሉ የተባሉት ወንድነትን ጎዱ። በፔንሲልቬኒያ ከፊል ዱር በሆነ የፈረስ መንጋ ላይ የተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትልም ሌላ ትምህርት ጨመረ። ከባዝራዎች ጋር የሚኖር ድንጉላና ከወንዶች ጋር ብቻ ታጉሮ የሚኖር ድንጉላ በሆርሞናቸውም በጠባያቸውም ይለያያሉ። ድንጉላን ለብቻው በጨለማ ጋጣ ዘግቶ በእህል መሙላት ለብዙ ዘመን እንደ ክብር ተቆጥሯል፤ እኔ የማየው ግን ከሁሉ የከፋ አያያዝ ነው።

ጤና ከመኖ አይነጠልም። በጥቂ የሚተላለፈው ዱሪን ከጥንት የታወቀ የፈረስ መቅሰፍት ነው፤ የብልት እብጠት፣ የቆዳ ላይ ዝርግ እብጠት፣ በመጨረሻም ሽባነት ያመጣል። ምልክት የማያሳይ ድንጉላ መንጋውን ሊበክል ይችላል። ምዕራብ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በደም ምርመራና የታመመውን በማስወገድ ተቆጣጠሩት። በ1977 በእንግሊዟ ኒውማርኬት ተላላፊ የማሕፀን ብግነት ተቀሰቀሰ፤ በዓመቱ አሜሪካ ኬንታኪ ደረሰ። በ1984 ደግሞ ኬንታኪ በፈረስ አርቴራይቲስ ቫይረስ ታወከች፤ ድንጉላዎች ከዳኑም በኋላ ቫይረሱን በዘራቸው ለዓመታት እንደሚያወጡ ታወቀ። ዛሬ በታወቁ ጣቢያዎች ከወቅቱ በፊት ምርመራ የግድ የሆነው ከእነዚህ ዓመታት በኋላ ነው።

የአሁኑ ዘመን ገንዘቡ የበዛበት፣ ተቃርኖውም የጎላበት ነው። የቶሮብሬድ መዝገብ እስከ ዛሬ ሰው ሠራሽ ማዳቀልን አይቀበልም፤ በ2000ዎቹ ስቶርም ካት የተባለው ድንጉላ አንድ ጥቂ 500,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ከ1990 ጀምሮ ዴንሂል የተባለው ድንጉላ በአየርላንድና በአውስትራሊያ መካከል ተመላልሶ በአንድ ዓመት ሁለት ወቅት ሠራ፤ የእርሱ ስኬት ሌሎችን አስከተለ፤ ድንጉላዎች የዕረፍት ወቅታቸውን አጡ። ተፈጥሮ ግን በገንዘብ አትታዘዝም። 16 ውድድሮችን በተከታታይ ያሸነፈው ሲጋር የተባለ ፈረስ ለዘር ሲቀርብ መካን ሆኖ ተገኘ። የ2002ቱ የኬንታኪ ደርቢ አሸናፊ ዋር ኤምብለም በጃፓን ባዝራዎችን አልፈልግም ብሎ የወለደው በጣም ጥቂት ነው። የአሜሪካው ጆኪ ክለብ አንድ ድንጉላ በዓመት ከ140 ባዝራ በላይ እንዳያጠቃ በ2020 ደንብ አወጣ፤ በ2022 በክስና በሕግ አውጪዎች ግፊት ሰረዘው። ኮሉሜላ 20 ካለው ጋር ሲተያይ ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ የዘር ጥበቱ እየባሰ መሄዱ ከእንስሳው ድካም ባልተናነሰ ሊያሳስበን ይገባል። በሌላ በኩል ሳይንሱ የተኮላሸን ፈረስ እንኳ ዘር አሰጥቷል፤ የረጅም ርቀት የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የተኮላሸው ፒየራዝ በ2005 ቅጂው ተወልዶለት ለዘር በቃ። በ1980 ከቀዘቀዘ ህዋስም በ2020 ኩርት የተባለ የፕርዤቫልስኪ ፈረስ ወንድ ውርንጭላ ተወልዷል፤ ሊጠፋ ለተቃረበ ዘር ትልቅ ዜና ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ታሪኩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የቤተ መንግሥቱን ፈረስና በቅሎ የሚያስተዳድረው ባልደራስ ትልቅ ሹመት ነበር። ዛሬም በአዊ ዞን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ይሰለፋሉ፤ የአገሪቱ ፈረስ ቁጥርም ከ2 ሚሊዮን በላይ ይገመታል። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ የቀን ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም፤ የእኛን ወቅት የሚወስነው ዝናብና ሣር ነው። ስለዚህ የመኖ ጊዜ ከአውሮፓ ይልቅ እዚህ ይከብዳል። በበጋው መጨረሻ ጭድ ብቻ በልቶ የከረመ፣ ጋሪ ሲጎትት የዋለ ድንጉላ ክረምት ሲገባ ሣሩ ቢለመልምለትም፣ ዘሩ የሚናገረው ስለ ግንቦቱ ረሃብ ነው። በአርሲና በባሌ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ከሌሎች ብዙ አገሮች የጠፋው ዱሪን ዛሬም አለ፤ ድንጉላው በጋራ ግጦሽ ላይ ከባዝራ ባዝራ ሲዛወር በሽታውም አብሮ ይዞራል።

ውድ መሣሪያ ሳይጠበቅ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። ፈረስ የምታረቡ፣ ድንጉላችሁን ከጥቂው ወቅት ሁለት ወር አስቀድማችሁ ለዩት፤ ከከባድ ጋሪ አሳርፉት፣ በየቀኑ ግን አንቀሳቅሱት፤ ድርቆሽ ስትሰበስቡ የእርሱን ድርሻ ለይታችሁ አኑሩለት፤ ጎድኑ የሚታይ ከሆነ ገብስ ጨምሩለት፣ ከደለበ ቀንሱለት። በወረዳው ያላችሁ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ባዝራ አልያዘችም የሚል ገበሬ ሲመጣ ድንጉላውንም አስመጡና ብልቱን፣ ቆለጡን፣ ደሙን መርምሩ። የእርባታ ፖሊሲ የምታወጡም በከብት ማዳቀል ላይ የተገኘውን ልምድ ለፈረስ አካፍሉ፤ የመጀመሪያው እርምጃ በአርሲና በባሌ የዘር ድንጉላዎችን ከወቅቱ በፊት ለዱሪን መመርመር ይሁን።